ሲኖው ሲታጠፍ በእርግጥ አላየኝም? ደግሞስ መጀመሪያ ምን ልግዛ፣ ስፖኪዮ ወይስ ካሜራ?

ጀሞ በብስክሌት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

የምሠራው አንድ አነስተኛ ተቋራጭ ዘንድ፣ ስምሪት ክፍል ነው። አምስት ሲኖ ገልባጮች አሉን። አሸዋና ጠጠር ያመላልሳሉ። ቢሮ የምመላለሰው ደግሞ በብስክሌት ነው። አዎ፣ ሴት ነኝ። አዎ፣ በብስክሌት። በዚህ ላይ አስተያየት ያለው ሰው ሌላ ቀን እናወራለን።

በቀደም ጀሞ አካባቢ አንድ መታጠፊያ ላይ ከፊቴ የነበረ ሲኖ (የእኛ አይደለም) ወደ ግራ ሰፋ አድርጎ ያዘ። ግራ ሊሄድ ነው ብዬ በቀኝ ገባሁ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረ። ብስክሌቴን ጥዬ እግረኛ መንገዱ ላይ ዘለልኩ። የኋላ ጎማዬ እንደ ቂጣ ሆነ። ሹፌሩ ወርዶ እጁ እየተንቀጠቀጠ «እናቴ ትሙት አላየሁሽም» አለኝ። የሚገርማችሁ አመንኩት። ፊቱ የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም።

አሁን አለቃዬን ጨቅጭቄ ለመኪኖቻችን ትንሽ በጀት አስፈቅጃለሁ። ለሁሉም ነገር አይበቃም። ሶማሌ ተራ አንዱ ነጋዴ ካሜራ ከነስክሪኑ ሊሸጥልኝ ይዞኛል። ሌላው ሰው ሲጠጋ የሚጮኽ ሴንሰር ይሻላል ይላል። ሹፌሮቻችን ደግሞ «ስፖኪዮ አለን እኮ» ይላሉ። ከየትኛው ልጀምር?

ቤቱ ሰላም፦

ሲኖ ላይ ካሜራ? ካሜራው ራሱ ፈርቶ ይወርዳል። ቀይ ሽብር ያልነው እኮ ለቀልድ አይደለም። እህቴ፣ አንቺ ታክሲ ያዢ።

ከአዋሽ እስከ ቴምዝ፦

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። ሹፌሩ አላየሁሽም ያለሽ እውነቱን ሊሆን ይችላል። እኔ ሀገር ቤት ጅቡቲ መስመር ተሳቢ፣ ኋላም አዲስ አበባ ሲኖ ነድቻለሁ። አሁን ለንደን ገልባጭ እነዳለሁ። ሁለቱንም ወንበር አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ አንቺ ላይ የደረሰውን ላስረዳሽ። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም። ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ሹፌሩ ጥጉ ላይ እንዳይወጣ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ አድርጎ ይይዛል። ከኋላ ላለ ብስክሌት፣ ሞተር ወይም ባጃጅ ይህ «ቀኙ ተለቀቀልኝ» ማለት ነው የሚመስለው። ይገባል። መኪናው ይዘጋበታል። የቀኝ ፍሬቻ ቢያበራ እንኳ ጎኑ ከደረስሽ የኋላውን መብራት አታይውም። ተሳቢ ከሆነ ይብሳል። ጋቢናው ቀኝ ሲዞር ቀኝ ስፖኪዮው የተሳቢውን ጎን ብቻ ያሳይሻል፣ ሌላ ምንም።

ሹፌሩ ደግሞ ግራ ነው የተቀመጠው። ቀኝ በር ከሱ ሩቅ ነው፣ የመስኮቱ ጠርዝም ከአንቺ ራስ በላይ ነው። በሩ ሥር ከሆንሽ በመስኮት አትታዪም። ዋናው ስፖኪዮም የሚያየው ወደ ኋላ ስለሆነ ያልፍሻል። «ስፖኪዮ አለን» የሚሉሽ ሹፌሮች የሚያወሩት ስለዚህ ስፖኪዮ ነው።

እዚህ ለንደን ነገሩ ሕግ ሆኗል። መኪና በግራ ስለሚሄድ ሹፌሩ ቀኝ ይቀመጣል፣ የሚፈራው ግራ ጎን ነው። ለኛ ሀገር ገልብጠሽ አንብቢው። በፈረንጆቹ ከ2015 እስከ 2017 ድረስ በከተማዋ ውስጥ ከተነዳው ርቀት የከባድ መኪኖች ድርሻ 4 በመቶ ብቻ ነበር። ብስክሌተኛ ከሞተባቸው ግጭቶች ግን 63 በመቶው ውስጥ እነሱ አሉበት። የከተማው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ራሱ ያወጣው ቁጥር ነው።

የጀመሩት በርካሹ ነው። ሴፕቴምበር 2015 ላይ ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ መኪና የጎን መከላከያና ሁለት ዓይነት ተጨማሪ ስፖኪዮ ከሌለው ለንደን አይገባም አሉ። አንዱ ስፖኪዮ በእግረኛ መንገድ በኩል ካለው በር በላይ ሆኖ ቁልቁል መሬቱን ያያል። ሌላው ከፓራብሬዛው በላይ ተንጠልጥሎ የመከላከያውን ፊት ያሳያል። በቃ።

ከዚያ ስፖኪዮ መደርደር ብቻውን እንደማይበቃ ታየ። ሰው ስንቱን በአንድ ጊዜ ያያል? ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ሙከራ ሹፌሮች በስፖኪዮ ላዩት ሰው የሰጡት ምላሽ በቀጥታ በመስኮት ካዩት በ0.7 ሰከንድ ዘግይቷል። ትንሽ ይመስላል። በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ግን ወደ 4.7 ሜትር ነው። ብስክሌትሽ ሁለት ሜትር አይሞላም።

ስለዚህ አሁን ከ12 ቶን በላይ የሆነውን መኪና ጋቢናውን ከዜሮ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጡታል። የሚለካው ሹፌሩ በገዛ ዓይኑ፣ በመስታወቱ አሻግሮ ምን ያህል እንደሚያይ ነው። ከኦክቶበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ከሦስት ኮከብ በታች ያለ መኪና ሴንሰር፣ ካሜራ፣ ሲታጠፍ ድምፅ የሚያሰማ ማስጠንቀቂያና ሌላም ሌላም ካልተገጠመለት ፈቃድ አያገኝም። ያለፈቃድ የገባ በቀን እስከ 550 ፓውንድ ይቀጣል። አለቆች ሲያለቅሱ ነበር። ከፍለው አስገጠሙ።

እኔ የምነዳው አዲሱ መኪና ጋቢናው ዝቅ ያለ ነው። በሩ እስከ ታች መስታወት ነው። መብራት ላይ ስቆም አጠገቤ ያለውን ብስክሌተኛ ጫማው ሳይቀር ይታየኛል። አንዷ ቀና ብላ ሰላም ብላኝ ታውቃለች። ሲኖ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሜም አላየሁም።

አንቺ ጋቢና መቀየር አትችዪም። ስለዚህ ገንዘብ ሳታወጪ ይህን አድርጊ። አንዱን ሲኖ ግቢ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ አንቺ ኪስ ይግባ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ራሱ ሹፌሩ ይሁን፣ ቁመታችሁ ይለያያልና። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ሰብስቢ። አንድ ሰው ጀሪካኑን ከመከላከያው ጀምሮ ወደ ፊት ያርቀው። ሹፌሩ ሲታየው «ቁም» ይበል። እዚያ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በቀኝ፣ በግራና በኋላም እንዲሁ። በመኪናው ዙሪያ የኖራ መስመር ይኖርሻል። ከመስመሩ ወዲህ ያለው በሙሉ ብላይንድ ስፖት፣ ለሹፌሩ የማይታይ ቦታ ነው። አምስቱንም ሹፌሮችና ረዳቶቻቸውን በየተራ አስቀምጫቸው። አንቺም ብስክሌትሽን ይዘሽ ቀኝ በሩ ሥር ቁሚ።

ቀጥሎ ጋቢናውን አራግፉት። ያ ዘርፍ ያለው መጋረጃ፣ ፓራብሬዛው ላይ የተለጠፈው ጥቅስ፣ ዳሽቦርድ ላይ የተቆለለው ፔርሙስና ጋቢ። የምሬን ነው። ሹፌሩ ይቆጣል። ይቆጣ።

ግዢ ላይ እንግዲህ፣ በቅድሚያ የቁልቁሉና የፊቱ ስፖኪዮ። ከዚያ በፊትና በኋላ ጎማ መሀል የጎን መከላከያ። ይህን ማንም በያጅ ይሠራዋል። ሁለት ቀጭን ብረት ሳይሆን ዝርግ ላሜራ ቢሆን ይመረጣል፣ የወደቀ ሰው በመሀሉ እንዳይገባ። ካሜራ ከዚያ በኋላ ነው። ሴንሰር መጨረሻ። ርካሹ ሴንሰር ለግንዱም፣ ለአጥሩም፣ ለቆመውም መኪና ይጮኻል። ሹፌሩ በማግስቱ ሽቦውን ይነቅለዋል። የለንደኑ መመሪያ እንኳ ሴንሰሩ ለመንገድ ምሰሶና ለቆመ መኪና መጮኽ የለበትም የሚለው ወድዶ አይደለም።

ባለ 371፦

ሁላችሁም ስለኛ ታወራላችሁ፣ እኛም እዚሁ አለን።

እህቴ፣ ስፖኪዮ ብትጨምሪልን እሰየው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የድንጋይ ካባ ውስጥ ቀኝ ስፖኪዮ ዕድሜ የለውም። ወይ ሎደሩ ይገጨዋል፣ ወይ ድንጋይ ይመታዋል። ሲሰበር የሚቆረጠው ከማን ደሞዝ ነው? ከሹፌሩ። ስለዚህ ብዙ ሹፌር ካባ ሲገባ ስፖኪዮውን አጥፎ ይገባል። ሲወጣ የሚመልሰው የለም። ቀኝ ስፖኪዮው ታጥፎ ከተማ መሀል የሚበር ሲኖ አይተሽ «ይሄ ዕብድ ነው» ካልሽ፣ ዕብድ አይደለም፣ ደሞዙን እየጠበቀ ነው። የለንደኑ ወንድሜ ያለው የቁልቁል ስፖኪዮ ደግሞ በሩ ላይ ወጣ ብሎ ነው የሚቀመጠው። በሳምንቱ ይሄዳል። ድርጅትሽ ከሹፌር መቁረጡን ካላቆመ ገንዘብሽን አታባክኚ።

ሌላው ቢያጆ (ምልልስ) ነው። የሚከፈለን በቢያጆ ከሆነ አንዷን ቢያጆ ላለማጣት ነው የምንሞተው። ሦስት ስፖኪዮ ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል። ጊዜውን ማን ይከፍለኛል? የለንደኑ ወንድሜ በሰዓት እንደሚከፈለው እርግጠኛ ነኝ።

ረዳቱ ቀኝ ዓይኔ ነው። ስታጠፍ በመስኮት ወጥቶ «ባጃጅ አለ! ቆይ! በቃ፣ ሂድ!» የሚለኝ እሱ ነው። ግን ሌሊቱን አሸዋ ስናስጭን አድሮ ቀን ላይ ጋቢና ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ካልተኛም ወደ ፊት ተደግፎ ቀኝ ስፖኪዮውን በትከሻው ይጋርድብኛል። በዚህኛው ላይ የለንደኑ ወንድሜ የጀሪካን ነገር ተመችቶኛል። ረዳቱ ሹፌር ወንበር ላይ አንዴ ቢቀመጥ ምን እንደሚጋርድ ያውቅ ነበር።

መጋረጃዬን ግን አልነካም።

24 ቮልት፦

ስለ ካሜራው ብቻ። እጄ ላይ የተቃጠለ ብዙ ስለሚመጣ ነው።

የሲኖ ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባትሪ ተያይዞ። ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ርካሹ ካሜራ ግን ለቤት መኪና በ12 ቮልት የተሠራ ነው። ቀጥታ ከገጠማችሁት ይቃጠላል። አንዳንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን «ከአንዱ ባትሪ 12 ልስጥሽ» ይልሻል። እምቢ በይው። አንዱ ባትሪ ብቻ እየተጎተተ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ሳይቆዩ ይሞታሉ። ዕቃው ላይ ከ12 እስከ 24 ቮልት ይሠራል የሚል ጽሑፍ ከሌለው አትግዢ።

ስክሪኑ ሁልጊዜ ከበራ ሹፌሩ ይለምደውና ማየት ይተዋል። የማስነሻ ሽቦውን ከቀኝ ፍሬቻው ጋር አያይዙት። ቀኝ ፍሬቻ ሲያበራ የቀኙ ካሜራ ይመጣል። አንድ ጥቅም አለው፦ ካሜራውን ለማየት ሲል ፍሬቻ ማብራት ይለምዳል።

ፓራፋንጎ አጠገብ ዝቅ ብሎ የተገጠመ ካሜራ በመጀመሪያው ጭቃ ዕውር ነው። ከጋቢናው ላይ፣ ከፍ ብሎ ይሁን። እርጥብ ጨርቅም ለረዳቱ።

ጀሞ በብስክሌት፦

ጋሼ ከአዋሽ እስከ ቴምዝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ያሉትን አደረግነው። ግማሹ ግቢ ሊስቅብን ነበር የመጣው።

ከፊት ጀመርን። የጥበቃ ሠራተኛችን ቁመታቸው አጠር ያለ ነው። መከላከያው ሥር ቆሙ። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ «የት ሄዱ?» አለ። እሳቸው «አለሁ እኮ!» ይላሉ። የሚታየው የኮፍያቸው ጫፍ ብቻ ነበር። ጎንበስ ሲሉ እሱም ጠፋ። ጀሪካኑ የታየው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሲርቅ ነው። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ የነበረውን ጋቢ፣ የውኃ ላስቲክና የወረቀት ክምር አወረድን። መስመሩ ግማሽ ሜትር ገደማ ወደ መኪናው ተጠጋ። በነፃ!

ቀኙ ግን አስደነገጠኝ። በመስኮት ብቻ ሲያይ ጀሪካኑ የታየው ከበሩ አምስት ሜትር ገደማ ሲርቅ ነው። እኔ ብስክሌቴን ይዤ ከበሩ አንድ ሜትር ውስጥ ስቆም ሙሉ በሙሉ ጠፋሁ። ሹፌሩ ስፖኪዮውንም አየ። የኋላ ጎማው ይታያል፣ እኔ የለሁም። እጄን ሳወዛውዝ ጣቶቼን አየ። ከወረደ በኋላ ኖራውን እየተመለከተ ብዙ ቆመ። «ስንቱን አልፌው ሄጃለሁ» አለና ዝም አለ። እኛም ወንበሩ ላይ በየተራ ወጣን። ሲስቁ የነበሩትም ወጡ።

አለቃዬ ሰኞ ኖራው ሳይጠፋ እንዲያየው አደረግሁ። ሁለቱ ስፖኪዮዎች ለአምስቱም ይገዛሉ። የጎን መከላከያውን የራሳችን በያጅ ይሠራል፣ ላሜራው ዕቃ ግምጃ ቤት አለን። ባለ 371 ወንድሜ፣ ያንተን ነገር አነሳሁለት። ካባ ውስጥ የተሰበረ ስፖኪዮ ከሹፌር አይቆረጥም ብሎ ፈርሟል። ስለ ቢያጆው ግን «እሱን እንዳታነሺብኝ» አለኝ። አልተውኩትም፣ አስተንፍሼው ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል ጋሼ። ስፖኪዮው ሲገጠም አቅጣጫው እንዴት ይስተካከል? ሹፌሮቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይላሉ።

ከአዋሽ እስከ ቴምዝ፦

ጎበዝ! እኔ ሳወራ አንቺ ሠራሽው።

ጀሪካኖቹን ሳታነሱ አስተካክሉት። ሹፌሩ በልማዱ ይቀመጥ፣ ወንበሩን እንደሚነዳበት ያድርግ። የቁልቁሉ ስፖኪዮ ውስጥ የቀኝ በሩ ጠርዝ በስሱ ይታይ፣ የቀረው መሬት ይሁን። ሰማይ ከታየ ተበላሽቷል ማለት ነው። የፊቱ ላይ የመከላከያው ከንፈር መታየት አለበት። ጀሪካኖቹ ሁሉ በአንዱ ወይም በሌላው እስኪታዩ አስተካክሉ። በሁለት ሹፌር የሚነዳ መኪና ካለ ፈረቃ ሲቀየር እንደገና ይስተካከል። እሱን በስምሪት ወረቀትሽ ላይ አስገቢው፣ ያለ ፊርማ መኪና አይውጣ።

ላንቺ ደግሞ፦ ፍሬቻ ያበራ ከባድ መኪና ቀኝ ጎን አትግቢ፣ ያላበራውም ግራ ሰፋ ካደረገ አትግቢ። ከኋላው ቆዪ። መብራት ላይ ከፊቱ የምትቆሚ ከሆነ መከላከያው ሥር አይሁን፣ የጥበቃ ሠራተኛችሁን ኮፍያ አስታውሺ። አራት አምስት ሜትር ቅደሚው። ፊቱን በስፖኪዮው ውስጥ ካላየሽው አላየሽም ብለሽ ያዢ። ቢያይሽም ለኔ ስትይ አትመኚው።

የካሜራውን ገንዘብ አሁን አታውጪ። ክረምቱ ይለፍ፣ ስፖኪዮዎቹ ስንት እንደሚቆዩ እዪ። ለአንዱ መኪና ብቻ አስገጥመሽ ሞክሪ። የ24 ቮልቱ ልጅ የነገረሽን ለኤሌክትሪሺያኑ አንብቢለት።

ቤቱ ሰላም፦

ታክሲ ያዢ ያልኩትን አንስቻለሁ። ይሄ የጀሪካን ነገር ለአይሱዙ ይሠራል? አጎቴ አለው።

ከአዋሽ እስከ ቴምዝ፦

ይሠራል። ለሚኒባስም ይሠራል። አጎትህን ራሱን አስቀምጠው።

ባለ 371፦

ጀሞ በብስክሌት፣ ከደሞዝ መቁረጡ በእውነት ቀርቷል? ሹፌር ትቀጥራላችሁ?